የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ቫይረስ ያለባት እናት ልጅ የመጀመሪያ ቀን

«45ኛው ቀን ላይ ይከተባል» የሚለው ለዚህ ሕፃን አያዋጣም። በዚያን ቀን የሚሰጠው ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከል ክትባት) የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ቢኖረውም፣ ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው በወሊድ ሰዓት ነው፤ ያኔ ከተያዙት 10 ጨቅላዎች 9ኙ ያህል ሥር የሰደደ ሕመም ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ለሄፓታይተስ ቢ ለብቻው የተዘጋጀው ክትባት ከተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ጭን ላይ ፊት ለፊት በጎን በኩል ጡንቻው ውስጥ ይወጋል። ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚዋጋ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ከተገኘ ደግሞ ከተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ በሌላኛው ጭን ይሰጣል። ሞጣ ወይም ቢቸና ገጠር ቤቷ የወለደች አራስ ቀኑ ቢያልፍባትም ልጁ ይከተብ፤ ጡትም አይከልከል።

ብዙ የሚዘነጋው ብርዱ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ሆኖ ከረጋ ዋጋ የለውም፣ ሲቀልጥ ግን ደህና ይመስላል! ስለዚህ ክትባቱን ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው የበረዶ ጥቅል ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ካልተንቦጫረቀ የክትባቱ ብልቃጥ አጠገቡ አይቀመጥ።