ፕሬስፓ፦ ሦስት አገር የሚጋራው ውሃ

ዛሬ በሰሜን ምዕራብ ግሪክ ጠረፍ የምትገኘውን የፕሬስፓን ካርታ ሳጠና ዋልኩ። ፕሬስፓ ሁለት ሐይቆች አሏት። ትልቁ ሐይቅ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ግሪክ፣ አልባኒያና ሰሜን መቄዶንያ ይጋሩታል። በወንዝ አይፈስም። ውሃው በኖራ ድንጋይ ተራራ ሥር ሰርጎ፣ 150 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው የኦህሪድ ሐይቅ ዳርቻ ይፈልቃል። ስለዚህ ዝናብና በረዶ ሲያንስ ሊገድቡት አይቻልም፤ ዳርቻው ይሸሻል።

ትንሹ ሐይቅ ግን ኩላ በሚባል ቦታ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ በር አለው። በጸደይ ውሃው ከፍ ብሎ ሲያዝ ጨፌው ይጥለቀለቃል፤ ዓሣ እንቁላሉን ይጥልበታል፣ ወፎች ይመገቡበታል። ሸምበቆው ካልታጨደ ወይም ጎሽ ካልጋጠው ግን ጨፌውን ይውጠዋል። የዳልማቲያ ፔሊካን የተባለው ትልቅ የውሃ ወፍ በዓለም ካሉት ትልልቅ መራቢያዎች አንዱ እዚህ በመሆኑ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

በትንሹ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በአጊዮስ አኪሊዮስ ደሴት የቡልጋሪያው ገዥ ሳሙኤል በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ብዙ መንደሮች ሰው አልባ ሆኑ፤ ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደ ገጽ ነው። በግሪክና በዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ መካከል የነበረው የ«መቄዶንያ» ስም ውዝግብ የተፈታበት ስምምነትም እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2018 ፕሳራዴስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተፈረመ።

ዛሬ የገበሬው ዋና ሀብት ትልልቁ ነጭ ቦሎቄ ነው። ሐረጉ ሽቅብ ስለሚወጣ መደገፊያ እንጨት ይተከልለታል፤ በበጋም ከትንሹ ሐይቅ ውሃ ይጠጣል።