«እንደውላለን» ካሉኝ በኋላ

ለነርስነት ሥራ ማመልከቻዬን ያስገባሁት ታኅሣሥ 18 ቀን ነው። ቦታው እዚሁ ጎንደር ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ ስሙን ልተወው። ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነበር። ዲግሪ፣ 1 ዓመት የሥራ ልምድ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድ ይላል። ሁሉም አለኝ። ኦሪጅናልና ኮፒ ይዤ ሄድኩ። የሰው ሀብት ክፍሉ ልጅ ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ጋር አመሳከረና ስሜንና ስልኬን ትልቅ መዝገብ ላይ ጻፈ። «በቃ፣ እንደውላለን» አለኝ።

እኔም አመንኩ።

ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ መግባት ጀመርኩ። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጭንቀቴ ባትሪዬ ነው። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ዘሎ ይወጣል፤ ሳነሳው «ኧረ ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ይሉኛል።

ለምን ሄጄ አልጠየቅሁም? ይሉኝታ ነዋ። «ይህቺ ልጅ ምን አስቸኮላት» እንዳይሉኝ። ደግሞ የምወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ አውቃለሁ። ከተማችን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሰለጥን የኖረች ናት፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻው ያኔ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ጠዳ ላይ ሌላ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። የግሎቹን አልቆጠርኩም። ማመልከቻ ባስገባሁ ቀን ከፊቴ የተሰለፈችው ልጅ የመጣችው ከደባርቅ ነበር። ለጥቂት ወንበር ይህን ያህል ሰው ሲመጣ እኔን ለይተው የሚያስታውሱበት ምክንያት የለም። ይህ ግን ዝም ለማለት ሳይሆን ለመጠየቅ ምክንያት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እማዬ በበኩሏ ሰው ፈለገች። አንድ ዘመዳችን እዚያ ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ያውቃል ተባለ። ደወለለት። መልሱ «ለልጅቷ የተደወለ ይመስለኛል፣ አላነሳችም» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ አንድም ያላነሳሁት ስልክ የለም። ዘመዳችን ተናደደብኝ፣ እማዬም ትንሽ ተጠራጠረችኝ።

በማግስቱ ራሴ ደወልኩ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ። ክሊኒክ ውስጥ ሠርቼ ይህን ሰዓት መምረጤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሌሊቱን ያደረው ለቀኑ ተረኛ የሚያስረክብበት፣ ካርድ ክፍል የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ያነሳችው ልጅ «ቆይተሽ ደውዪ» ብላ ዘጋችው። ቆይቼ ስደውል አይነሳም። ከዚያ ከተራ ደረሰ፣ ጥምቀት መጣ። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሞልቷት ለማንም ሥራ ፈላጊ ጆሮ የላትም። ተውኩት።

ጥር 15 ቀን በእግሬ ሄድኩ፣ 5 ሰዓት አካባቢ። ልጁ አላስታወሰኝም። ስሜን ነገርኩት፣ ያመለከትኩበትን ቀን ነገርኩት። መዝገቡን ገለጠና «ደውለንልሽ ነበር እኮ፣ ሁለቴ» አለኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ ቁጥሩን ልየው» አልኩት። መዝገቡን አዞረልኝ።

የመጨረሻዋ ቁጥር 7 ሆና ተጽፋለች። የኔ 1 ናት።

ማመልከቻዬን አወጣው። በእጄ ነው የጻፍኩት። 1ን ስጽፍ አናቷ ላይ ትንሽ ጭራ አወጣላታለሁ፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ። ሲቪዬ ላይ በኮምፒውተር የተጻፈው ትክክል ነው፣ እሱ ግን የገለበጠው ከማመልከቻው ነበር። በማን ልፍረድ? የጽሑፍ ፈተናው ጥር 6 ቀን ተሰጥቶ አልፏል። ሁለት ነርሶች ተቀጥረዋል። ለአራት ሳምንት ያህል ይሉኝታ ብዬ የተቀመጥኩት ለአንዲት ጭራ ነበር ማለት ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጁም ደነገጠ መሰለኝ፣ ቁጥሩን አስተካክሎ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ጻፈኝና «ለማንኛውም የነርሶቹን ኃላፊ፣ ሜትሮኗን አነጋግሪ፣ የሚያስፈልገውን ሰው የምትጠይቀው እሷ ናት» አለኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ታኅሣሥ ላይ ሰምቻት ቢሆን! የሰው ሀብት ወረቀት ይይዛል። ሰው የጎደለበትን ክፍል የሚያውቀው ሜትሮኗ ናት።

ኮሪደር ላይ ቆሜ ራውንድ፣ የበሽተኞች ጉብኝቱ፣ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ስትወጣ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጡኛል?» አልኳት። ስለ ስልክ ቁጥሩ ላማርር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ማን እንደሆንኩና አዘዞ አንድ ክሊኒክ 1 ዓመት መሥራቴን ብቻ ነገርኳት። «በአንድ ዱቲ ስንት በሽተኛ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ክሊኒኩ ትንሽ ነው፣ ከስድስት በላይ አልያዝኩም» አልኳት። አየችኝ። «እዚህ ከዚያ ይበዛል» አለችና የሥራ ልምዴ የግብር ማረጋገጫ እንዳለው ጠየቀችኝ። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ካልተያያዘበት ብዙ ቦታ አይቆጠርም። የኔ አልነበረውም። «አምጪና አስገቢ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

ወረቀቱን ለማውጣት አስራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሳስገባ ለሜትሮኗ መልእክት ልጽፍላት አሰብኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ «ሥራ በማጣቴ በጣም ተቸግሬያለሁ፣ እባክዎ ይተባበሩኝ» ይል ነበር። ላብራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ አንብባው «አንቺ፣ ይሄ እኮ ልመና ነው። ስለ ሥራው ጻፊላት» አለችኝ። ሰረዝኩና እንዲህ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ጥር 15 ቀን ከራውንድ በኋላ ያነጋገርኩዎት ነርስ ነኝ። የጠየቁኝን የግብር ማረጋገጫ ዛሬ ለሰው ሀብት አስገብቻለሁ። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነኝ። የማታም፣ የቅዳሜና እሁድም ዱቲ መግባት እችላለሁ። ስልኬ ይህ ነው።»

በሁለተኛው ቀን መለሰች። «እሺ።» በቃ ይኸው። ሃያ ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም፤ ከአንዲት «እሺ» ግን ብዙ አይጨመቅም።

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ፤ የአሁኑ ዝምታ ግን ሌላ ነው። ቁጥሬ ትክክል መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወረቀቴ ተሟልቷል፣ የሚመለከታት ሰው መልኬን ታውቃለች። በየሁለት ሳምንቱ ሰው ሀብት ብቅ ብዬ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «አዲስ ክፍት ቦታ አለ?» ከሌለ አመስግኜ እወጣለሁ። እዚያው እያለሁ ሌላ ሁለት ቦታም አመለከትኩ። ሁለቱንም ማመልከቻ በኮምፒውተር አስጻፍኩ። መዝጋቢዎቹ ቁጥሬን ሲጽፉ ቆሜ አየሁ፤ አንደኛዋ ገላመጠችኝ። ትገላምጥ።

መጋቢት ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ሜትሮኗ ራሷ ደወለች። አንዲት ነርስ ለቃ ነበር። «ነገ 3 ሰዓት ለፈተና መድረስ ትችያለሽ?» አለችኝ። «እደርሳለሁ ሲስተር» አልኳት፣ ጥያቄዋን ሳላስጨርሳት መሰለኝ። ያን ማታ መብራት የለም። እማዬ ነጭ ጋውኔን በከሰል ካውያ ስትተኩስ፣ እኔ በስልኬ መብራት የመድኃኒት መጠን ስሌት እከልስ ነበር። ባትሪዬ 9 ፐርሰንት ላይ ነበር።