የእናቴን ውሻ ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ በሕጉ መሠረት እንዴት እንዳመጣሁት

እናቴ ጠቅልላ ወደ ቨርጂኒያ ለመምጣት ስትስማማ ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ቦቢ አብሯት እንዲመጣ። ቦቢ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ያደገ፣ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የጥበቃ ውሻ ነው። ጉዳዩን የመከታተሉ ኃላፊነት የእኔ ስለነበር የአየር መንገዱን የጭነት ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ሕጉን አነበብኩ። ለሌሎችም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚቸገረው በገንዘብ ሳይሆን ትክክለኛውን ነገር በተሳሳተ ቅደም ተከተል በመሥራት ነው።

አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ዝርያ ማጥፋቷን ያስታወቀችው በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በሽታው እዚህ የሚገኘው በዋናነት በሌሊት ወፍ፣ ራኩንና ስካንክ በሚባሉ የዱር እንስሳት እንዲሁም በቀበሮ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን አሁንም ዋነኛው አስተላላፊ ውሻ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ኢትዮጵያን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብም ከእነዚህ አገሮች የሚመጣ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ) የተቀበረለትና የተከተበ እንዲሆን ያስገድዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ማይክሮቺፑ ከክትባቱ መቅደም አለበት፤ ቺፑ ከመቀበሩ በፊት የተሰጠ ክትባት ለየትኛው ውሻ እንደተሰጠ ማረጋገጥ ስለማይቻል አይቆጠርም። ቦቢ በየዓመቱ ይከተብ የነበረ ቢሆንም ቺፕ ስላልነበረው እንደ አዲስ ጀመርን። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ጠብቆ ደም ይወሰዳል፤ ናሙናው ሲዲሲ ወደሚቀበለው የውጭ አገር ላቦራቶሪ ተልኮ በደሙ ውስጥ በቂ የመከላከያ አቅም መኖሩ ይመረመራል። ደሙ ከተወሰደበት ቀን አንስቶም ውሻው አሜሪካ እስኪገባ ቢያንስ 28 ቀን ማለፍ አለበት። ይህ የደም ምርመራ ውጤት የሌለው ውሻ እንደደረሰ ለ28 ቀናት በባለቤቱ ወጪ በለይቶ ማቆያ ይቀመጣል። የክትባትና የማይክሮቺፕ ማረጋገጫ ቅጹን ሐኪሙ ከሞላው በኋላ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማጽደቅ ይኖርበታል። የእናቴን የአውሮፕላን ትኬት የቆረጥኩት እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ውሻ በፈለጉት አየር ማረፊያ መግባት አይችልም፤ ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለበት በኩል ብቻ፣ ያውም አስቀድሞ ቦታ ተይዞ ነው። ደግነቱ ከአዲስ አበባ በረራ ያለበት የዋሽንግተኑ ደለስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ማንበቢያውን በቦቢ ትከሻ ላይ አሳለፈችና የወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር በጣቷ እየተከተለች ከቅጹ፣ ከክትባት ምስክር ወረቀቱና ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። አንዲት አሃዝ ብትሳሳት ኖሮ የወራቱ ልፋት ገደል በገባ ነበር። ከዚያም በአሜሪካ የተፈቀደ ክትባት በድጋሚ ተሰጠው።

ብዙዎች ሂደቱ እዚህ ያበቃ ይመስላቸዋል፤ የአካባቢው ሕግ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በቨርጂኒያ 4 ወር የሞላው ውሻም ሆነ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ግዴታው ሲሆን፣ ውሻ ደግሞ በተጨማሪ ከሚኖርበት ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ወይም ከተማ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የከተበው ሐኪም የምስክር ወረቀቱን ቅጂ በ45 ቀን ውስጥ ለአካባቢው ገንዘብ ያዥ መላክ ስላለበት፣ ያልተመዘገበ ውሻ ተደብቆ አይቀርም። እኛ በምንኖርበት ፌርፋክስ ካውንቲ ፈቃዱን የሚሰጠው የግብር አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ ነው። እናቴ ከዚያ የመጣውን ደብዳቤ አይታ «ውሻም ግብር ይከፍላል እንዴ?» አለችኝ፤ አባባሏ ከእውነት ብዙም የራቀ አይደለም።

ለእናቴ ከወረቀቱ ይልቅ የከበዳት የዕለት ተዕለቱ ግዴታ ነበር። ከግቢ ውጭ ውሻ ያለ ገመድ አይሄድም፣ ዓይነ ምድሩንም ባለቤቱ ያነሣል። «ምን አጥፍቶ ነው እንደ ሌባ የሚጎተተው?» እያለች ትከራከረኝ ነበር። በአንጻሩ ግን ለእኛ የተለመደው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ መዋል እዚህ በሕግ የተገደበ ነው፤ የግዛቲቱ ሕግ ሙቀቱ 32 ፋራናይትና ከዚያ በታች ወይም 85ና ከዚያ በላይ ሲሆን ውሻን ደጅ አስሮ መተውን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። በእኔ አስተያየት ለቦቢ ጠባይ መለወጥ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ የረዳው ከሰንሰለት መውጣቱ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ዕቃ አድራሽ በአጥሩ በላይ ሳጥን ሲያቀብል ቦቢ እጁን በጥርሱ ያዘው። ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ሰውዬው ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና እንዲታጠብ ካደረግን በኋላ ወደ ሐኪም ሄደ፣ እኔም ለካውንቲው አሳወቅሁ። ሕጉ ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀናት ተለይቶ በክትትል እንዲቆይ ያዛል፤ በሽታው በምራቁ ውስጥ ካለ ውሻው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምልክት ያሳያል ወይም ይሞታልና። የእንስሳት ቁጥጥር መኮንኑ በመጀመሪያ የጠየቀኝ የክትባት ወረቀቱን ነበር፤ ወረቀቱ የተሟላ ስለነበር ቦቢ ጊዜውን በቤታችን እንዲጨርስ ተፈቀደለት። በአገራችን የነከሰን ውሻ ወዲያው መግደል የተለመደ ቢሆንም፣ ሊታሰር የሚችል ውሻ ታስሮ ቢታይ ለተነከሰው ሰው ሕክምና የሚጠቅም መረጃ ይገኛል። የተነከሰው ሰው ግን ውጤቱን እስኪያይ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

በካሳ ረገድ ያነበብኩት ደግሞ ያልጠበቅሁት ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ በመሠረቱ ተጎጂው የባለቤቱን ቸልተኝነት ወይም ባለቤቱ የውሻውን ክፉ ጠባይ አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር እንዲያስረዳ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ግን እንስሳው በድንገት ያመለጠ፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በሩን ከፍቶ ውሻውን ወደ መንገድ የሚለቅ ጎረቤት ይህን ድንጋጌ ቢያነብ በሩን ይዘጋ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ውሻ ለማምጣት ያሰበ ሰው ከደረሰ በኋላ የቺፑን ቁጥር በአሜሪካ አድራሻና ስልክ ማስመዝገብ አይርሳ። የአዲስ አበባ ስልክ ብቻ የተመዘገበበት ውሻ ቢጠፋና መጠለያ ቢገባ ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወደ ሌላ ካውንቲ ሲዛወርም ፈቃዱን እዚያ እንደ አዲስ ማውጣት ይጠበቅበታል።