ሳይነኩ የሞቱት ታብሌቶች

ይህን የምጽፈው ሠላሳ ታብሌት ተረክቦ «አሁንስ ምን ላድርጋቸው?» እያለ ለሚያያቸው መምህር ነው። እኔ ያን ጊዜ የሚመክረኝ አላገኘሁም። የሚያስፈርመኝ ግን ሞልቶ ነበር።

በርክክቡ ቀን «ተማሪዎቻችንን ለነገ ማዘጋጀት» የሚለው ነገር ስንት ጊዜ እንደተባለ አልቆጠርኩም። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ ታብሌት ይዞ የሚስቅ አንድ ተማሪ አለ። ካሜራው ዞር እንዳለ ታብሌቱን ከእጁ ተቀብለው ካርቶኑ ውስጥ መለሱት። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ኢንተርኔታችን የሚታመን ስላልነበረ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ፈለግሁ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የባንክ ካርድ በምታክል፣ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩትና የካን አካዳሚን የሒሳብ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች አወረድኩበት። ዊኪፒዲያን የመሳሰሉ ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስንም ጨመርኩ። በኪዊክስ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነምስሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ ማስቀመጫው ላይ አትሰስቱ። ሠላሳ ታብሌት በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ሲከፍት የራስበሪዋ የራሷ ዋይፋይ ስለማይችል ለብቻው ራውተር አደረግሁለት። ታብሌቶቹ ላይ ልጆች ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበትን ስክራችን ጫንኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ይህንን ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው ይወጣዋል።

እኔን የጣለኝ ቁምሳጥኑ ነው።

ከታብሌቶቹ ጋር ከበላይ አካል መመሪያ መጥቶ ነበር። ዕቃዎቹ በተቆለፈ ቁምሳጥን ይቀመጡ። ቁልፉ በንብረት ኃላፊው እጅ ይሁን። የሚፈልግ መምህር ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ርዕሰ መምህሩም ይፈርሙበት። ከአገልግሎት በኋላ ሙሉ በሙሉ ጠፍተው ይመለሱ። ጉዳት ቢደርስ ተረካቢው መምህር ይተካል። ተረካቢው እኔ ነኝ። መመሪያውን ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ መሆኑን ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የንብረት ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ጋሼ፣ ቁልፉን ለኔ ቢሰጡኝስ?» ብላቸው፣ «መምህር፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። እባክህ በሰላም ልውጣበት» አሉኝ። ምን ይመለሳል?

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ነበር። አርባ ደቂቃ አለን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከእያንዳንዱ ታብሌት ጀርባ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን ያነባሉ፣ እኔ መዝገቡ ላይ እፈልጋለሁ፣ ተማሪው ይፈርማል። አሥራ አምስት ደቂቃ ሄደ። ለመመለሱም ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስፈልጋል። ለትምህርቱ አሥር ደቂቃ ቀረን። በአሥር ደቂቃ ስክራች ላይ ድመቷን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማስኬድ ይቻላል። ከዚያ በላይ አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ።

በሁለተኛው ወር አንድ ስክሪን ተሰነጠቀ። ልጁ አልጣለውም፤ ቦርሳ ነው የወደቀበት። ሪፖርት ጻፍኩ፣ ተጠራሁ፣ ማብራሪያ ተጠየቅኩ፣ ሌላ ማብራሪያ ተጠየቅኩ። በመጨረሻ «ለአሁኑ ታልፏል» ተባልኩ። ያቺ «ለአሁኑ» የምትባል ቃል ሥራዋን ሠራች። ከዚያ በኋላ የጥያቄ ወረቀቱን በሳምንት ሁለቴ መጻፉ ቀረና በሳምንት አንዴ ሆነ። ቀጥሎ በአሥራ አምስት ቀን። «ቲቸር፣ ዛሬም ታብሌት የለም?» ሲሉኝ «ፊርማው አልደረሰም» እላለሁ። አንዳንዴ እውነት ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቱን ጭራሽ አልጻፍኩትም። ቁልፉ ጋሼ ኪስ ውስጥ መሆኑ ተመችቶኝ ነበር። ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ትምህርት ሲዘጋ ታብሌቶቹን እንደ መመሪያው መለስን። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስለነበር ልጆቹ እስኪበቃቸው ተጫውተውባቸዋል። አንዱ 5 በመቶ፣ አንዱ 3 በመቶ፣ አንዱ ከነጭራሹ ጠፍቶ ነበር የተቀመጠው። ቁምሳጥኑ ሶኬት የለውም። ተቆጠሩ፣ ተቆለፈባቸው። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ «የንብረት ቆጠራ ስላልተጠናቀቀ መክፈት አይቻልም» ተባለ። በድምሩ አምስት ወር እንደተቆለፈባቸው ቆዩ።

ቆጠራው ተጠናቆ ቁምሳጥኑ ሲከፈት እዚያው ነበርኩ። ቻርጅ ካደረግናቸው በኋላ 17ቱ ተነሱ። 9ኙ ጥቁር ሆነው ቀሩ። የቀሩት 4 ከጀርባቸው አብጠዋል። አንዱን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስቀምጬ ጠርዙን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ እንዝርት ዞረ። ክዳኑና ስክሪኑ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል።

የቆጠራው መዝገብ ምን ይላል? «ታብሌት፣ 30፣ በመልካም ሁኔታ ላይ።» ቆጣሪዎቹ ያዩት ሲሪያል ቁጥር እንጂ ባትሪ አይደለማ!

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይኸው። የሊቲየም ባትሪ ታብሌቱ ጠፍቶም ቢሆን ቀስ በቀስ ይፈሳል። ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቁምሳጥን ውስጥ ከገባ ቮልቴጁ ከሚፈቀደው በታች ይወርዳል። ያኔ የባትሪው መከላከያ ሰርኪዩት ይዘጋል፤ ቻርጀር ብትሰኩበትም ዝም ይላል። ውስጡ የተበላሸው ደግሞ ጋዝ ፈጥሮ ያብጣል። አፕልን የመሳሰሉ አምራቾች ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዕቃ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ፣ ከስድስት ወር በላይ ከሆነም በየስድስት ወሩ ተመልሶ እስከ ግማሽ ይሞላ ይላሉ። ሙሉም አይሁን፣ ባዶም አይሁን። የእኛ መመሪያ ለማህተሙ ቦታ አንድ አንቀጽ ነበረው። ስለ ባትሪ ግን አንድ ቃል የለውም።

ዝም ካሉት 9 ሦስቱ ከራሳቸው ቻርጀር ጋር አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ ነቁ። ስለዚህ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ያበጡትን ግን አትንኩ። ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑ፣ ለማስተንፈስ ብላችሁ በምንም ነገር አትውጉ። እሳት ነው የሚሆነው።

እኔ አራቱን ከሕንፃው ላውጣ ስል አዲስ ጣጣ መጣ። «ከመዝገብ ያልወረደ ንብረት ከግምጃ ቤት አይወጣም።» ታዲያ ከመዝገብ ይውረድ? «ባለሙያ አይቶ ሲያረጋግጥ።» ባለሙያው መቼ ይመጣል? መልስ የለም። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሊቃጠል የሚችል ነገር ወረቀት በተሞላ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል ብዬ፣ በሦስተኛው ላይ ቃሉን ከሥሩ አስምሬ። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው አሸዋ የሞላ የብረት ሳጥን አምጥተው ውጭ፣ ከግድግዳ ርቆ እንዲቀመጥ አደረጉ። «ከግምጃ ቤት አልወጣም፤ ግምጃ ቤቱ ነው እዚህ ድረስ የሰፋው» አሉኝ። በዚያ ዓመት ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን መጣስ ጀመርኩ። ርዕሰ መምህሩ ያውቃሉ፤ ያላዩ መስለው ያልፋሉ። 20 ታብሌት ክፍሌ ውስጥ፣ ሶኬት ባለበት መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሁለት ተማሪዎች በየሳምንቱ በተራ ይይዟቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ የእያንዳንዱን ባትሪ በመቶኛ ሰሌዳው ጥግ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ታብሌቶቹ ላይ ከ1 እስከ 20 በትልቁ ለጥፈናል፤ ሲሪያል ቁጥር የሚያነብ የለም። መስጠቱም መሰብሰቡም በሦስት ደቂቃ ያልቃል። እስካሁን አንድም አልጠፋም።

«ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ» የሚለውንም ትቼዋለሁ። አንድ ታብሌት ለሁለት፣ ሲበዛ ለሦስት። አንዱ ሲነካካ ሌላው «ቆይ፣ እዚያ ጋ አይደለም» ይላል፤ ክርክሩ ውስጥ ነው የሚማሩት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ፔሩ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ላፕቶፕ ታድሎ፣ ከማስተማሩ ጋር ስላልተያያዘ ትምህርቱ እንዳልተሻሻለ ተጽፏል። ሳነበው አልገረመኝም። ቆጠራው ላይ ግን ሁሉም «በመልካም ሁኔታ» እንደነበሩ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪያቸው ሞቶ ከተነሱት አንዱ ላይ ኢንተርኔት ስናገናኝ ምንም ገጽ አልከፍት አለ። «ግንኙነቱ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይላል። እኔ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ገመድ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። አንዲት ተማሪ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ታብሌት እኮ 1970 ላይ ነው ያለው» አለችኝ። ባትሪው ባዶ ሲሆን ቀኑ ተሰርዟል። የድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፍኬት ደግሞ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ በ1970 ዓይን ሲታይ ገና አልጀመረም። ቀኑን አስተካከለችው፤ ገጹ ተከፈተ። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ ገጽ የሚከፍት ሌላ ታብሌት ጎን ለጎን ይዛ ምን ምን እንደሚለያቸው ስታስተያይ ነበር። እኔ አላስተማርኳትም።

ዕቃ ልትረከቡ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሲሰበር ማን ይከፍላል? መልሱ «መምህሩ» ከሆነ አትፈርሙ። ወይ በጽሑፍ ይቀየር፣ ወይ ዕቃው ይቅር። ይህን ስል «ልጆቹን ልትጎዳ ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ልጆቹ የተጎዱትማ እኔ ፈርሜ በፈራሁበት ዓመት ነው።

ጋሼ ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። የመጨረሻ ርክክባቸውን ያደረጉት ከእኔ ጋር ነው። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ተከተልኩ። ታብሌት፣ 30፣ በመልካም ሁኔታ ላይ። ቀና ብለው አዩኝ። አራቱ ውጭ አሸዋ ውስጥ ናቸው፣ ስድስቱ ቁምሳጥን ውስጥ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ዝም ብለዋል።

ፈረምኩ። በሰላም ይውጡ ብዬ።