በየ6 ሰዓቱ የሚጋመስ መድኃኒት

በኑክሌር ሕክምና ከሚያገለግሉት ጨረር አመንጪ መድኃኒቶች መካከል እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝ ቴክኒሺየም 99ኤም ነው። ጨረሩ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ አከማችቶ ማቆየት አይታሰብም፤ ስለዚህም የሕክምና ክፍሎች የሚያገኙት ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 66 ሰዓት ያህል ከሆነውና እየፈረሰ ወደ ቴክኒሺየም ከሚለወጠው ከወላጁ ከሞሊብዲነም 99 ነው። ሞሊብዲነሙ በእርሳስ በተከለለ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ቴክኒሺየሙን ያለማቋረጥ ያፈራል፤ ባለሙያው የጨው ውሃ አሳልፎበት የተጠራቀመውን ያወጣል። ይህን ሥራ «ማለብ» ይሉታል፤ ቀልድ ቢመስልም ስያሜው ልክ ነው፣ ላሚቱ በማግስቱ እንደገና አግታ ትጠብቃለችና።

የታለበው ፈሳሽ አጥንት ከሚስበው ከፎስፎኔት ውሁድ ጋር ሲጣመር አጥንት በብዛት በሚታደስበት ሥፍራ ይሰበሰባል፤ ጋማ ካሜራም ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ ምስል ይሠራል። ሌላው ጨረር አመንጪ መድኃኒት አዮዲን 131 ግን እንደ ፎስፎኔቱ ያለ አድራሽ አያሻውም፤ የታይሮይድ ዕጢ ራሱ ስቦ ያስገባዋል፣ አጭር ርቀት ብቻ የሚጓዘው የቤታ ጨረሩም እዚያው ሕዋሳቱን ይገድላል።