ሚሊንግ ማሽኔን ሳላስነሳ ያሳለፍኳቸው ሦስት ቀናት

ብረት በሚዞር መቁረጫ የሚቀርጸው ያገለገለ ሚሊንግ ማሽኔ ሐሙስ ማታ ኮምቦልቻ ገባ። ብሪጅፖርት የሚባለውን የታወቀ ሞዴል ይመስላል፤ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ነው የመጣው። ለወፍጮ ቤቶች ዘንግና ጥርስ ልሠራበት ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ! ያኔውኑ ገመድ ዘርግቼ ባስነሳው ደስ ባለኝ። ሙያውን ላስተማሩኝ ጋሼ ስደውል ግን «ልጄ፣ ሳታጸዳው ኤሌክትሪክ እንዳታስነካው» አሉኝ።

አርብ ሙሉ ቀን በነጭ ጋዝ፣ በብሩሽና በአሮጌ ጨርቅ ማጠብ ነበር። ለጉዞ የተቀባው ወፍራም ቅባት የመንገዱን አቧራ ጠጥቶ ጭቃ መስሏል። ቢያስቸግርም ከወደቡ ጨዋማ አየር ያዳነው እሱ ነው። በኮምፕሬሰር እንዳትነፉት አደራ። አየሩ የብረት ፍርፋሪውን ጠረጴዛው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ሥር ይሰገስገዋል፤ ከዚያ ጠረጴዛው በሄደ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ሐዲዱ ሲጸዳ የማሽኑ ዕድሜ ተገለጠ። ጫፍና ጫፉ ላይ ፋብሪካው የፋቀው፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው ንድፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሃሉ ላይ ግን ጠፍቷል። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው መሃል ላይ ነዋ። የሐዲዱን ክፍተት የሚሞላውን ጊብ የሚባል ሽብልቅ መሃል ላይ ሳጠብቀው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይይዛል። ስለዚህ ጫፍ ላይ እንደ ልብ እስኪሄድ ድረስ ብቻ አጠበቅኩት። ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚለካ ዳያል ጌጅ ገጥሜ እጀታውን ወደ ኋላ ስመልሰው፣ ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ 0.4 ሚሊ ሜትር በባዶ ዞረ። ጠረጴዛውን የሚነዳው ብሎን የሚዞርበትን የነሐስ ዳዶ አጥብቄ ወደ 0.15 አወረድኩት።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የዘይቱ ጉዳይ ነው። ሻጩ «ሰርቪስ ተደርጎለታል» ብሎኝ ነበር። የእጅ ፓምፑን ስስብ ግን ከአንዱ ቱቦ ጠብ የሚል ጠፋ። ፈትቼ አየሁት። ዘይቱን መጥና የምታሳልፈው ትንሿ ክፍል እንደ ሰም በደረቀ ቅባት ተደፍናለች። እንዲሁ ባስነሳው ኖሮ ሐዲዱ ደረቁን ይፋጭ ነበር። ይቺ ዕቃ ትቀየራለች እንጂ ተጠርጋ አትመለስም። አዲሷ እስክትመጣ ቦታውን በእጄ ዘይት አጠጣዋለሁ፤ 68 ቁጥር የሐዲድ ዘይት ነው የምጠቀመው።

ቅዳሜ መቁረጫውን ይዞ የሚዞረው ዘንግ፣ ስፒንድሉ ላይ ደረስኩ። የውስጡን ሾጣጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ ዳያል ጌጁን አስጠጋሁ። በእጄ ቀስ ብዬ ሳዞረው መርፌው ከ0.01 ሚሊ ሜትር አላለፈም። ያኔ ነው የተነፈስኩት! ሐዲድ ቢበላ ይፋቃል፣ ጊብም ይስተካከላል። የተጎዳ ስፒንድል ግን ኪስ ያራቁታል።

ሰኞ ኤሌክትሪሻኑ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ አገናኘልኝ። መጀመሪያ በተቃራኒው ዞረ፤ ሁለቱን ፌዝ አቀያይሮ አስተካከለው። በዝቅተኛ ፍጥነት 20 ደቂቃ በባዶ አዞርኩት። ኩሽኔታው ያለበትን በእጄ ስዳስሰው ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

ነገ ጋሼ ከደሴ ይወርዳሉ። ስፒንድሉን የያዘውን ጭንቅላት ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ የማድረጉን ሥራ አብረን እንሠራለን።