እራፊ በእራፊ፦ አልጋ ልብስ በእጄ ስሰፋ የተማርኩት

ልብስ ሰፊ ቤት ገብታችሁ ከስፌት መኪናው ሥር የሚጠራቀመውን ቁርጥራጭ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የእጅጌ ትርፍ፣ የኪስ ጨርቅ፣ ከቀሚስ ጫፍ የተቀነሰ ቅዳጅ። ከፊሉ ትራስ መሙያ ይሆናል፤ የቀረው ተጠርጎ ይጣላል። እኔ ከዚያ ላይ እየለቀምኩ አልጋ ልብስ እሰፋለሁ። መኪና የለኝም። መርፌ፣ ክርና መቀስ ይበቃኛል።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዲስ አበባ ወደ ገጠሩ በምትሸጋገርበት ጫፍ ላይ። እዚህ ነፋሱን የሚገታው ነገር የለም። ክረምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ስለዚህ ድርብርብ ልብስ ለእኛ ቤት ጌጥ ብቻ አይደለም። ቢሆንም መርፌ ያስያዘኝ ብርዱ አልነበረም፤ ጨርቅ መውደዴ ነው። ገበያ ስወጣ ባልገዛም እንኳ ጨርቅ ሳልዳስስ አላልፍም።

"መኪና ለምን አትገዢም?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መኪና እንደሚፈጥን መች ጠፋኝ። ግን መኪና ሁሉንም ጨርቅ አንድ አድርጎ ይነዳዋል። በእጅ ስትሰፉ እያንዳንዱ እራፊ ጠባዩን ያሳያችኋል። አንዱ መርፌውን ወዲያው ያሳልፋል። አንዱ ይገታል። ሌላው ከጣት ሥር እየተንሸራተተ ያስቸግራል። የዚህን ሥራ ደስታ አንድ ነገር ብቻ ጠቅሰሽ ንገሪን ብትሉኝ መልሴ እሱ ነው፦ ጨርቅን በጣት ማወቅ።

ጨርቅ መለየት ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። አንድ ቀን ቡና ላይ የሰበሰብኩትን ከረጢት ፊታቸው ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ እያነሡ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው አሸት አሸት ያደርጉና ግራና ቀኝ ይለያሉ። አንዲት ነጭ ብጣሽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ይቺ ምንድን ናት ትያለሽ?"

"ጥጥ አትመስልም እማማ፤ ግን በምን ይታወቃል?"

"እስቲ ክብሪት አምጪ።"

ከጫፏ አንድ ክር መዘዙና የብረት ሰሃን ላይ አድርገው ለኮሱት። ክሩ ተኮማተረ፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ቀረ። ቀጥለው ከአቡጀዲ ላይ መዝዘው ለኮሱ። የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ፤ ሲነኩት ብን ብሎ የሚጠፋ አመድ ሆነ።

"ያኛው ላስቲክ ነው፤ ይሄ ጥጥ ነው። አብረሽ ብትሰፊያቸው እኩል አያረጁልሽም" አሉኝ።

ይህን ሙከራ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ ጥጥ ነዶ አመድ ይሆናል። ቅልቅሉ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያሳያል። አንዲት ክር ብቻ ነው የሚለኮሰው፤ ያውም ከመጋረጃና ከቁርጥራጩ ክምር ራቅ ብሎ።

ልዩነቱ የሚታየው እጥበት ላይ ነው። ያልታጠበ ጥጥ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ፖሊስተር ንቅንቅ አይልም። ጎን ለጎን ከተሰፉ በኋላ ቢታጠቡ አንዱ ሌላውን ይስበዋል፤ ልብሱም ይጨማደዳል። ስለዚህ ቤቴ የገባ ቁርጥራጭ ሁሉ መቀስ ሳይነካው ይታጠባል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ለብቻቸው ይዘፈዘፋሉ። አብሬ ነጭ ብጣሽ እጨምራለሁ። ብጣሿ ነጭ ሆና ከወጣች ቀለሙ አይለቅም ማለት ነው።

ቁርጥራጭም ወቅት አለው። ነሐሴና ጳጉሜ የዩኒፎርም ጊዜ ነው። የሰፈር ልብስ ሰፊዎች ቀን ከሌት ስለሚሰፉ ሰማያዊውም አረንጓዴውም በየዓይነቱ ይገኛል። አብዛኛው ቅልቅል ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ለልጆች አልጋ ይስማማል። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትርፍ ይመጣል። እሱን በተለየ እጅ ነው የምይዘው። የሸማ ድርና ማጉ ላላ ያለ በመሆኑ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል። ከኋላው ስስ አቡጀዲ አድርጌ፣ የመስፊያውን ትርፍ ሰፋ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ጥበብ ያለበት ቁራጭ ካገኘሁ መሃል ላይ ነው የማስቀምጠው። የሸማኔው ድካም ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ማየት አልወድም።

ከመቁረጥ በፊት ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። ጨርቅን በድሩ አቅጣጫ ስትስቡት እምብዛም አይለጠጥም። በማጉ ትንሽ ይለጠጣል። በሰያፍ ከሳባችሁት ግን ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ የአራት ማዕዘኑ ጎኖች ድሩንና ማጉን ተከትለው መሄድ አለባቸው። ዓይን ካልለየው ከጫፉ አንድ ክር በቀስታ መምዘዝ ነው። ክሩ የወጣበት ቦታ ቀጥ ያለ ስስ መስመር ሆኖ ይቀራል። ያቺን መስመር ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ጨርቁ ራሱ "እዚህ ጋ ቁረጪኝ" የሚል ይመስለኛል።

መለኪያዬ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ፣ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። የጨርቁ ጀርባ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት በሳሙና ስባሪ። ከዚያ ከመስመሩ ውጭ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ትቼ እቆርጣለሁ። የእጅ ስፌት ምቾቱ እዚህ ላይ ነው። መርፌው የሚከተለው የእርሳሱን መስመር እንጂ የመቀሱን ጠርዝ አይደለም። መቀሱ ትንሽ ቢዛነፍ የተሰፋው አይዛነፍም።

አሁን ወደ መርፌው። ሁለት እራፊዎች ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፤ የሚታየው ገጽ ወደ ውስጥ ነው። ስፒል በአንደኛው ማዕዘን ወግቼ በሌላኛው ማዕዘን መውጣቱን አያለሁ። ክሩ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ይጠላለፋል። ክሩን አንዴ ጧፍ ላይ ሳብ አደርገዋለሁ። ሰሙ ክሩን ያለሰልሰዋል፤ መተብተቡንም ይቀንሳል። መርፌው ቀጭን ነው፣ 9 ወይም 10 ቁጥር። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል።

መርፌውን እየነቀልኩ አልሰፋም። ጨርቁን በግራ እጄ ዝቅና ከፍ እያደረግኩ መርፌው ላይ ሦስት አራት ስፌት እሰበስብና አንዴ እስበዋለሁ። አንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት ወይም አራት ስፌት ከገባ ጠንካራ ነው። በሳብኩት ቁጥር አንድ ስፌት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ክሩ ቢበጠስ ሁሉም እንዳይፈታ የሚይዘው እሱ ነው። መስመሩ ያለቀበት ማዕዘን ላይ አቆማለሁ፤ ትርፉ ላይ አልሰፋም። ትርፉ ነፃ ከሆነ በኋላ ወደፈለጉት ጎን ይታጠፋል። እኔ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ነው የማጥፈው፤ ከነጣው ሥር ጥላው እንዳይታይ። መብራት ካለ በካውያ፣ ከሌለ በማንኪያ ጀርባ ጫን እያልኩ አስተኛዋለሁ። ደግሞ የዚህ ሥራ ደጉ ነገር መብራት ጠፋ ብሎ የማይቆም መሆኑ ነው። የመስኮት ብርሃን እስካለ ድረስ ይሰፋል።

ሁለት መደዳ ተገናኝቶ ስትገልጡት የአራት እራፊዎች ማዕዘን አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ያለው ደስታ ግን ለብቻው ነው። ማንም አያጨበጭብም። እኔ በጣቴ ደጋግሜ እዳስሰዋለሁ።

ዘጠኝ እራፊ፣ ሦስት በሦስት ሲገጠም፣ 30 በ30 የሆነ አንድ ክፍል ይወጣዋል። 150 በ210 ለሆነ የአንድ ሰው አልጋ ልብስ 35 ክፍል ያስፈልጋል፤ 315 እራፊ ማለት ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን በአንድ ጊዜ እጃችሁ ላይ ያለው ዘጠኙ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የትም ይገባል። እኔ በብስኩት ቆርቆሮ ይዤው እዞራለሁ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ እሰፋለሁ። እሑድ ከሰዓት ሬዲዮ ከፍቼ በረንዳ ላይ እሰፋለሁ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ዝም አይልም፤ "ይሄ የእናቴን ቀሚስ ይመስላል" ብሎ ወግ ይጀምራል።

ቀለም አመራረጥ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። ሰው ቀለም ከቀለም "ማቻ" ለማድረግ ሲጨነቅ አያለሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው ድምቀትና ጥቁረቱን ነው። የነጣውና የጠቆረው ቦታ ቦታውን ከያዘ ሌላው ቀለም ራሱን ይችላል። ለመለየት እራፊዎቹን ወለል ላይ ደርድሬ በስልኬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳለሁ። ቀለሙ ሲጠፋ የቱ እንደሚጎላ፣ የቱ እንደሚዋጥ ወዲያው ይታያል።

ላይኛው ካለቀ በኋላ ድርቡ ይመጣል። ሦስት ነው፦ ከታች አቡጀዲ፣ መሃል ሙቀት የሚይዝ ነገር፣ ከላይ እራፊው። መሃሉ ላይ ብዙ ሰው ባዘቶ ይመክራል። ባዘቶ ይሞቃል፤ ግን ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ካልተሰፋ ሲታጠብ አንድ ቦታ ይከመራል። እኔ ያረጀ ጋቢ ነው የምመርጠው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ስፌቱን ፈትቼ ሁለት ድርብ ካደረግኩት መርፌ ሳያስቸግር ያልፋል፤ ተሸምኖ ያደረ ስለሆነም የትም አይሄድ። የመጀመሪያውን ጋቢ የሰጡኝ አክስቴ ናቸው። ሥራውን ስጀምር "ድሪቶ ልትለብሺ ነው እንዴ?" ብለውኝ ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ እሳቸው ባደጉበት ጊዜ የተጣጣፈ ልብስ የችግር ምልክት ነበር። የተጠናቀቀውን ክፍል ሲያዩ ግን አገላብጠው፣ ስፌቱን ቆጥረው፣ በሳምንቱ ለዓመታት የለበሱትን ጋቢ አጥበው ላኩልኝ።

ሦስቱ ድርብ ከመሃል ወደ ዳር እየተዳሰሰ ይዘረጋል፤ ከዚያ በሌላ ቀለም ክር በረጅም በረጅሙ ለጊዜው ይያያዛል። እሱም ከመሃል ነው የሚጀመረው፤ ጭምድድ ያለ ጨርቅ መሃል ላይ እንዳይታሰር። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ስፌት ሦስቱንም አንድ የሚያደርገው። እዚህ ላይ የመሃል ጣት ላይ የሚጠለቅ የብረት ቆብ ግድ ነው።

ይህን ሥራ የምሠራው ብቻዬን አለመሆኑን ማወቄም አበርትቶኛል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የሚባል በሦስት ጎኑ በወንዝ የተከበበ ሰፈር አለ። በባርነት የኖሩ ሰዎች ዘር የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፉት አልጋ ልብስ በ2002 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ታይቷል፤ በ2006 ደግሞ በአገሪቱ ቴምብር ላይ ወጥቷል። ይበልጥ ልቤን የነካኝ ግን የሕንዶቹ ሲዲዎች ነው። ሲዲዎች ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከእኛም አገር ጭምር፣ ወደ ሕንድ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። በካርናታካ ያሉት ሴቶች ካዋንዲ የሚባል የእራፊ ልብስ ይሰፋሉ። እነሱ እንደ እኔ ክፍል በክፍል አይሠሩም። ከጨርቁ ዳር ይጀምሩና እራፊውን እያጠፉ፣ ድርቡን ሁሉ አብረው እየወጉ፣ ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሃል ይመጣሉ። በአራቱ ማዕዘን ላይ ደግሞ አበባ የሚሉትን የታጠፈ ትንሽ ጨርቅ ያክላሉ።

አሁን የያዝኩት ሥራ በእነሱ መንገድ ነው፤ ጎረቤት ለወለደችው ልጅ፣ 80 በ80 የሆነ ማቀፊያ። መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረውም ይህን የሚያህል ነገር ነው። ጥጥ ብቻ ምረጡ፤ የሕፃን ቆዳ ላይ ያርፋልና። የዩኒፎርሙን ትርፍ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ደግሞ ባዶ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱን ከመጥረጉ በፊት።